ያደረ ዶሮ ይሞቃል እንጂ ዳግም አይበስልም

ለበዓል የተሠራ ዶሮ ወጥ በማግስቱ ሲቀርብ ወጡ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይጣፍጣል፤ ሥጋው ግን፣ በተለይ ደረቱ፣ ጥርስ ውስጥ የሚሰነቀር ደረቅ ክር ሆኖ ይገኛል። ብዙ ቤት ይህ የማደር ዕጣ ተደርጎ ይታያል፤ «ያደረ ሥጋ መቼም እንዲህ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጥፋቱ ግን የማደሩ አይደለም። ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ሥጋ ሌሊቱን የሚያጣው ውሃ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ውሃውን የሚያጣው ጠዋት ምድጃ ላይ ነው፤ ያውም በመሞቁ ሳይሆን ከሞቀ በኋላም እንዲንተከተክ በመተዉ፣ ሳያስፈልገው ሁለተኛ ጊዜ በመብሰሉ ነው። ዶሮ ገነጣጥሎ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ አጥቦ፣ ሽንኩርቱን ለሰዓታት አቁላልቶ ወጥ ያደረሰ ሰው በማግስቱ ደረቅ ሥጋ ሊበላ አይገባውም። መፍትሔው አዲስ ዕቃም ውድ ቅመምም አይጠይቅም፤ ማሞቅንና ማብሰልን እንደ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ማየት ይበቃል።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከሥጋው ተፈጥሮ ነው። ጥሬ የዶሮ ደረት ከክብደቱ 75 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፤ ውሃውም በፕሮቲን ክሮች መካከል ተይዞ ይኖራል። ሥጋው ሲሞቅ እነዚህ ክሮች ይኮማተራሉ። ማዮሲን የሚባለው ፕሮቲን ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ቅርጹን ይለውጣል፤ ሥጋው ነጣ ብሎ ጠንከር የሚለው ያኔ ነው። አክቲን የሚባለው ሌላው ፕሮቲን ደግሞ ከ66 ዲግሪ ገደማ ወዲያ ይኮማተራል፤ ሙቀቱ ወደ 80 በተጠጋ ቁጥር ከክሮቹ መካከል የሚወጣው ውሃ ይበዛል። እዚህ ላይ «ዶሮው እኮ ወጥ ውስጥ ነው ያለው፤ እንዴት ይደርቃል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሆኖም ውሃውን የሚያስወጣው የሥጋው መኮማተር እንጂ በዙሪያው ያለው ነገር ደረቅ መሆኑ አይደለም። በእጅ የተጨመቀ ፎጣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ቢነከርም እጅ አጥብቆ እስከያዘው ድረስ ውሃ አያስገባም፤ የተኮማተረ ሥጋም እንደዚያው ነው። በወጥ ተከቦ የሚንተከተክ ደረት ውጪው ርሶ ውስጡ ይደርቃል። ታፋና እግር ከዚህ የሚተርፉት ስብ ስላላቸውና በጅማቶቻቸው ውስጥ ያለው ኮላጅን ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ወደ ጄላቲን ስለሚለወጥ ነው፤ ጄላቲኑ ሥጋውን ያለሰልሰዋል። ደረት ግን ይህ መከታ እምብዛም የለውም። ስለዚህ አንድ ድስት ውስጥ ያሉ ብልቶች ሁሉ እኩል እሳት ሊሰጣቸው አይገባም።

ታዲያ ምን ያህል ሙቀት ይበቃል? የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የተረፈ ምግብ ሲሞቅ መሐሉ 74 ዲግሪ እንዲደርስ ያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ምግብ ደህንነት ባወጣው ባለ አምስት ነጥብ መመሪያ ደግሞ ምግብ በደንብ በስሏል ለማለት 70 ዲግሪን መለኪያ ያደርጋል። ጥብቁን ቁጥር፣ 74ን፣ እንያዝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላባት 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ድሬዳዋ 96 አካባቢ፣ በባሕር ዳርቻ ባሉት በዱባይና በጅዳ ደግሞ 100 ላይ ነው። ይህ ማለት አዲስ አበባ ውስጥ የሚንተከተክ ወጥ ከሚፈለገው ሙቀት በ18 ዲግሪ ይበልጣል፤ ዱባይ ደግሞ በ26። ሥጋው የሚጎዳው በዚህ ትርፍ ሙቀት ነው። አንድ ጊዜ እስከ 74 የበሰለ ደረት ዳግመኛ 74 ቢደርስ የሚያጣው ውሃ ጥቂት ነው፤ 92 ላይ 20 ደቂቃ ከቆየ ግን በመጀመሪያው ማብሰል ካላጣው ውሃ ብዙውን ያጣል።

«ካልተንተከተከ አይታመንም» የሚለው ስጋት ከእናቶቻችን የመጣና በቂ ምክንያት ያለው ስለሆነ በቸልታ መታለፍ የለበትም። መንተክተክ ለዓይን የሚታይ ምልክት ነው፤ ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት ከዚህ የተሻለ ምስክር አልነበረም። ነገር ግን መንተክተክ የሚመሰክረው ስለ ወጡ እንጂ ስለ ሥጋው መሐል አይደለም። ወፍራም ወጥ ከሥር ፈንጠር ፈንጠር እያለ ከላይ ያለው ታፋ አጥንቱ አጠገብ ገና ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የቱንም ያህል ቢንተከተክ የማይድን ነገር አለ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው፣ ከሰው እጅና አፍንጫ ወደ ምግብ የሚገባው ባክቴሪያ፣ ምግቡ ለሰዓታት ለብ ብሎ ሲቆይ የሚረጨው መርዝ በመፍላት አይጠፋም። ባክቴሪያው ይሞታል፤ መርዙ ይቀራል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ደግሞ ማብሰልን ተቋቁሞ የሚቆይ ዘር አለው፤ ትልቅ ድስት ቀስ እያለ ሲበርድ፣ በተለይ ሙቀቱ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ በፍጥነት ይራባል። በሽታን የሚከለክለው እንግዲህ የጠዋቱ መንተክተክ ብቻ አይደለም፤ ዋናው የማታው አያያዝ ነው። በሥርዓት የተቀመጠ ዶሮ መሐሉ 74 ሲደርስ ይበቃዋል፤ ያለ ሥርዓት ያደረውን ደግሞ አንድ ሰዓት ማንተክተክም አያድነውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው በበዓሉ ዕለት፣ ገበታው ከተነሳ በኋላ ነው። የቀረውን ዶሮ ከእሳት በወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት፤ እንደ መተማ፣ ጋምቤላና ሰመራ ባሉ ቦታዎች፣ ወይም በዓረብ አገሮች በጋ፣ የቤቱ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ 1 ሰዓት ብቻ ነው ያለዎት። ድስቱን እንዳለ አያስገቡ። ሙሉ ድስት መሐሉ ሳይበርድ ሊያድር ይችላል፤ በጥልቀታቸው ከአምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ በማይበልጡ ዝርግ ዕቃዎች ይከፋፍሉት። ትኩስ ነገር ፍሪጅ ያበላሻል የሚለው ወሬ ለትልቅ ድስት እንጂ ለትንሽ ዕቃ አይሠራም፤ እንፋሎቱ ካለፈለት በኋላ ለብ እንዳለ ቢገባ ምንም አይሆንም። ሲከፋፍሉ ደግሞ በአንድ ጊዜ በሚበላው መጠን ያድርጉት፤ ለሁለት ሰው የሚሆን፣ ለአራት ሰው የሚሆን እያሉ። ይህ አንድ ነገር ብቻ ከግማሽ በላይ የሆነውን የመድረቅ ችግር ይፈታል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም በየቤቱ ሥጋው የሚያልቅለት ሙሉ ድስቱ ጠዋት ሞቆ፣ ማታ ሞቆ፣ በነጋታው ደግሞ ሞቆ፣ አራተኛው ቀን ላይ የሚበላው ሰው አራት ጊዜ የበሰለ ደረት ስለሚደርሰው ነው።

ሥጋውን ከአጥንቱ አይፈልቅቁት፤ አይቆራርጡትም። የተቆረጠ ገጽ በበዛ ቁጥር ውሃ የሚወጣበትና አየር የሚገባበት በር ይበዛል። አየር ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። የበሰለ የዶሮ ስብ ከአየር ጋር ሲገናኝ፣ ከሥጋው ውስጥ የሚወጣው ብረትም እያገዘው፣ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ጣዕሙ ይለወጣል፤ ያደረ ሥጋ ሲሞቅ የሚሰጠው ያ የቆየ ካርቶን የሚመስል ሽታ ከዚህ ይመጣል። የምግብ ሳይንስ ሰዎች በ1958 እ.ኤ.አ. ስም ሰጥተው ያጠኑት ጉዳይ ነው። የእኛ ወጥ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ኮረሪማው ይህን የስብ መበላሸት የሚያዘገዩ ነገሮች አሏቸው፤ ከላይ የሚረጋው ቅቤም አየር ይከላከላል። ስለዚህ ብልቶቹን ወጡ ውስጥ ጠልቀው፣ ቅቤው ከላይ እንዲረጋ አድርገው ያስቀምጧቸው። በጠዋት ክዳኑ ሲከፈት ላዩ ላይ ብርቱካንማ የቅቤ ሽፋን፣ ከሥሩ ደግሞ በማንካ ሲነካ የሚንቀጠቀጥ የረጋ ወጥ ከታየ ደስ ይበልዎ፤ ያ የረጋው ከአጥንቱ የወጣ ጄላቲን ነው፤ ሲሞቅ ራሱ ቀልጦ ወጡን ያቀጥነዋል። ውሃ ለመጨመር የማይቸኮለውም ለዚህ ነው። አሮስቶ ወይም ሌላ ጥብስ ዶሮ ግን ይህ ሁሉ መከላከያ ስለሌለው ቆዳው ሳይገፈፍ፣ ከመጥበሻው የወጣው ጭማቂ ተደፍቶበት፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ይቀመጥ።

በዚህ አኳኋን የተቀመጠ ዶሮ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ቀኑን ሲቆጥሩ የጾም ቀናትን አብረው መቁጠር እንዳለብዎት አይርሱ፤ ወጡ ጾም አያውቅም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ችግሩ አይነሳም። ለእንቁጣጣሽ ግን ይነሳል። በዓሉ ማክሰኞ ቢውል ረቡዕ ጾም ነው፤ ሐሙስ ይበላል፤ ዓርብ እንደገና ጾም ነው፤ ቅዳሜ ወጡ ላይ ሲደረስ አራተኛው ቀን ሆኗል፤ በዋዜማው የተሠራ ከሆነ ደግሞ አምስተኛው። እንዲህ ባለ ሳምንት ለቅዳሜና ከዚያ በኋላ የታሰበው በመጀመሪያው ማታ በቀጥታ ወደ ፍሪዘር ይግባ። እዚያ 3 ወይም 4 ወር ጣዕሙ ብዙም ሳይጎዳ ይቆያል። ሊበላ ሲታሰብ ከአንድ ቀን በፊት ወደ ፍሪጅ ወርዶ እዚያው ይቅለጥ፤ ጠረጴዛ ላይ አያድር። መብራት ቢጠፋ ደግሞ በሩን አይክፈቱ። ያልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን 4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት። ፍሪጁ ከ4 ሰዓት በላይ ያለ መብራት ከቆየ ውስጡ ያለው ዶሮ ባይሸትም ይጣል፤ የሚያሳምመው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ሽታ የለውም።

አሁን ወደ ምድጃው እንምጣ። ዶሮ ወጥ ሲያሞቁ ሥጋውንና ወጡን ይለያዩ። ብልቶቹን በማንካ አውጥተው ሳህን ላይ ያስቀምጡ፤ ዕንቁላሉንም እንዲሁ። ወጡን ብቻ ወፈር ያለ ሥር ባለው ድስት፣ መካከለኛ እሳት ላይ ይጣዱ። ቅቤው ይቀልጣል፤ የረጋው ይላላል፤ እያማሰሉ ይጠብቁት፤ ከሥር እንዳይዝ ማማሰያውን ታች ድረስ ይስደዱት። አሁን ሥጋ ስለሌለበት እንደ ልብ ማማሰል ይቻላል፤ ሙሉ ድስት ሲሞቅ የሚፈረካከሰው ሥጋ በአብዛኛው በዚህ ማማሰል ነው የሚበታተነው። ሲቀልጥ በጣም ወፍራም ከሆነብዎት ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ይጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ወጡን መልሶ ያበርደዋል። ወጡ በደንብ ይንተክተክ፤ የወጡ መንተክተክ ማንንም አይጎዳም። ከዚያ እሳቱን ዝቅ ያድርጉት። አረፋ መፈንዳቱ ቆሞ፣ አልፎ አልፎ አንዲት ፊኛ ዳር ላይ ብቅ ብላ ስትጠፋ፣ ያኔ ሙቀቱ ከ80 እስከ 85 ዲግሪ አካባቢ ወርዷል። መጀመሪያ ታፋውን፣ እግሩንና ጀርባውን ያስገቡ፤ ወጡን በጭልፋ ቀድተው ከላይ ያፍስሱባቸው፤ ይክደኑ። ከአራት ደቂቃ ገደማ በኋላ ደረቱንና ክንፉን ይጨምሩ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጠው እንደገና ይክደኑ። እንደ ብልቶቹ ውፍረት በጠቅላላው ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃል። ክዳኑ ወሳኝ ነው። ወጡ ያልደረሰበትን የሥጋውን ላይ የሚያሞቀው ክዳኑ ሥር የታፈነው እንፋሎት ነው፤ ክዳን በየደቂቃው የሚያነሳ ሰው እሳት ለመጨመር ይገደዳል፤ እሳት ሲጨምር ደግሞ ያው ወደ ማብሰል ተመለሰ።

መድረሱን የሚነግርዎ የሥጋ ቴርሞሜትር ነው፤ ጫፉን በወፍራሙ ብልት ውስጥ አጥንት ሳይነካ ሰክተው 74ን ሲያዩ ያውርዱት። ዕቃው ትንሽና ቀላል ነው፤ በየበዓሉ ዶሮ ለሚሠራ ቤት ከብዙ የወጥ ቤት ጌጣጌጥ ይልቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ከሌለ ቀጭን ቢላ በወፍራሙ ታፋ ውስጥ እስከ አጥንቱ አጠገብ ሰክተው 10 ሰከንድ ያህል ይያዙና ጎኑን የእጅዎ ጀርባ ላይ ለአፍታ ነካ ያድርጉት፤ እጅ ወዲያው የሚያሸሽ ትኩሳት ካለው ሞቋል፤ ለብ ያለ ከሆነ ገና ነው። ይህ እንደ ቴርሞሜትር ትክክለኛ ባይሆንም የወጡን መንተክተክ አይቶ ከመፍረድ ይሻላል። ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋዊ ወይም ለታመመ ሰው የሚቀርብ ከሆነ ግን ጥርጣሬ ሲኖር ሁለት ደቂቃ መጨመር ይመረጣል፤ እዚህ ላይ ትንሽ መድረቅ ከበሽታ ይሻላል።

ዕንቁላሉ ለብቻው መታየት አለበት። የተቀቀለ ዕንቁላል እንደገና ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ነጩ እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ አስኳሉ ዙሪያውን አረንጓዴ ይይዛል። ለሁለት ሰንጥቀው በመጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች ወጡ ውስጥ ያስገቡት፤ የተሰነጠቀው ቶሎ ይሞቃል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን ሙሉ ዕንቁላል በፍጹም አይግባ። አስኳሉ ውስጥ የታመቀው ውሃ ከመፍላት ሙቀት አልፎ ስለሚግል ዕንቁላሉ እዚያው፣ አንዳንዴም ከወጣ በኋላ ሲነከስ፣ ይፈነዳል፤ ፊት ያቃጥላል።

«ያደረ ወጥ ደጋግሞ ሲሞቅ ነው የሚጥመው» የሚል ሰው እውነት አለው፤ ያ እውነት ግን የወጡ ነው። ሽንኩርቱ ይበልጥ ይዋሃዳል፤ በርበሬው ጥሬ ጠረኑን ይተዋል፤ ጄላቲኑ ወጡን ያሰባስበዋል። ወጡን ለብቻው ማንተክተክ ይህን ጥቅም ሳያስቀር ሥጋውን ያተርፋል። አንድ ነገር ግን አምኜ እቀበላለሁ፦ የሀበሻ ዶሮና የፈረንጅ ዶሮ አንድ አይደሉም። የፈረንጅ ዶሮ ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ገደማ ሲሞላት የምትታረድ ለጋ ናት፤ ኮላጅኗ ጥቂት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን በስሎ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር እሳት ሁሉ ጉዳት ነው። በግቢ ስትሯሯጥ የኖረች የሀበሻ ዶሮ ግን ጅማቷ ጠንካራ ነው፤ በበዓሉ ዕለት ታፋዋ ገና ጠንከር ያለ ከነበረ በማግስቱ ዝቅ ባለ እሳት ሌላ ግማሽ ሰዓት መቆየቷ ያለሰልሳታል። ይህ ግን ማሞቅ አይደለም፤ ያልተጠናቀቀን ማብሰል መጨረስ ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን ደረቱ ከዚህ ግማሽ ሰዓት ወጥቶ በመጨረሻ ይግባ።

አሮስቶና ጥብስ ዶሮ፣ እንዲሁም ውጭ አገር ያሉ አንባቢዎች ከሱፐርማርኬት የሚገዙት የተጠበሰ ሙሉ ዶሮ፣ ወጥ ስለሌላቸው እርጥበቱን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት። ብልቶቹን ክዳን ባለው መጥበሻ ውስጥ ቆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ይደርድሩ፤ ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ መረቅ፣ መረቅ ከሌለ ውሃ ከትንሽ ቅቤ ጋር፣ በዳር በኩል ያፍስሱ፤ ከድነው ዝቅተኛ እሳት ላይ 10 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። መሐሉ ሲሞቅ ክዳኑን አንስተው፣ የቀረውን ፈሳሽ ሳህን ላይ ቀድተው፣ እሳቱን ከፍ ያድርጉና ቆዳውን ወደ ታች ገልብጠው አንድ ደቂቃ ያቆዩት፤ ቆዳው መልሶ ይጠበሳል። የተቀዳውን ፈሳሽ ሲያቀርቡ ሥጋው ላይ ያፍስሱት። ኦቨን ካለ በ150 ዲግሪ፣ በፎይል ተሸፍኖ፣ ሥሩ ትንሽ መረቅ ኖሮት 20 ደቂቃ ገደማ ይቆይ። አጥንት የሌለው የደረት ሥጋ ከሆነ ግን ጣት በሚያህል ውፍረት ቆርጠው በሞቀ መረቅ ወይም ስልስ ውስጥ 3 ደቂቃ ያህል ቢያስገቡት ይበቃል፤ መቁረጥ የሚፈቀደው እዚህ፣ ሊበላ በተቃረበበት ደቂቃ ነው። በዱቄት ተለውሶ የተጠበሰ ዶሮ ብቻ ሳይከደን፣ በሽቦ ላይ፣ 190 ዲግሪ በሆነ ኦቨን ይሞቃል፤ ከተከደነ ቅርፊቱ ይላሽቃል።

ማይክሮዌቭ ዶሮ ያደርቃል የሚባለው አጠቃቀሙ ስለሚያደርቅ ነው። ሞገዱ ሥጋው ውስጥ የሚዘልቀው ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ከውጪ ወደ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው። በሙሉ ኃይል ሦስት ደቂቃ ሲሞቅ ዳሩ ይጨማደዳል፤ መሐሉ ቀዝቃዛ ይቀራል። ኃይሉን ወደ ግማሽ ያውርዱ፤ ብልቶቹን ወፍራም ጎናቸው ወደ ሳህኑ ዳር፣ ቀጭኑ ወደ መሐል እንዲሆን ያስተካክሉ፤ ወጥ ወይም ሁለት ማንኪያ መረቅ ያድርጉባቸውና በእርጥብ ወረቀት ወይም በክዳን ይሸፍኑ። በየደቂቃው እየገለበጡ ያሙቁ፤ ሲጨርሱ ሽፋኑን ሳያነሱ 2 ደቂቃ ይተዉት። ሙቀቱ ወደ መሐል የሚደርሰውና የሚስተካከለው በዚህ ዝምታ ጊዜ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይህን ዘልሎ ተጨማሪ ደቂቃ ይሞላል። ከሰል ዳር ድስቱን ለሰዓታት ለብ አድርጎ ማቆየት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ስህተት ነው፤ ለስላሳ ቢመስልም ባክቴሪያ የሚወደው ሙቀት ላይ ምግብ ማስቀመጥ ነው። ዝቅተኛ እሳት ማለት ደቂቃዎች እንጂ ሰዓታት ማለት አይደለም።

ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ፍሪጅ ከሌለው ቤት የሚመጣው ነው፦ «ጠዋትና ማታ ካላንተከተክነው ይበላሻል፤ ሌላ ምን አማራጭ አለን?» ይህ ልማድ ከብዙ በሽታ አድኗል፤ አልክደውም። ሆኖም በሁለቱ መንተክተክ መካከል ያለው ረጅም ቀን ድስቱ ለብ ብሎ የሚውልበት ነውና ከላይ የተባለው መርዝ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ሥጋውም ሁለት ቀን ሳይሞላው ያልቅለታል። ለእንዲህ ያለ ቤት የሚሻለው ከማሞቅ ዘዴ ይልቅ የአሠራር ለውጥ ነው። ሥጋው በዕለቱ ለሚበላው ሰው ብቻ ይበቃ ዘንድ ተመጥኖ ይሠራ፤ የተረፈው እዚያው ቀን ለጎረቤትና ለዘመድ ይድረስ፤ ደግሞም በዓል የመጣው ለዚያ ነው። ሥጋ ያልገባበት ቁሌት ተለይቶ ከቀረ ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ዘንድ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል፤ ሌላ ቀን ለሚገዛ ዶሮም መነሻ ይሆናል። ፍሪዘር ያላቸው ደግሞ ቁሌቱን አስቀድመው በብዛት ሠርተው፣ በመጠን በመጠን አቀዝቅዘው፣ ዶሮውን በየጊዜው ለሚበላው ልክ ብቻ ቢጨምሩበት ያደረ ሥጋ የማሞቅ ጣጣ ከነአካቴው ይቀንሳል።

ሥጋው ቀድሞውኑ ደርቆ ከሆነ መልሶ የሚያረጥበው መንገድ የለም፤ የተኮማተረ ክር ወጥ ቢጠጣም አይለሰልስም። እንዲህ ያለውን ክሩን አግድም አቋርጠው በቀጭን በቀጭኑ ቆርጠው በሞቀ ወጥ ለውሰው ፍርፍር ውስጥ ያስገቡት፤ እንጀራው የያዘው ወጥ ድርቀቱን ይሸፍነዋል፤ ሌላ ቦታ አይሆንም። አንዴ ሞቆ ገበታ ላይ የቀረበና የተረፈ ዶሮ ግን ወደ ፍሪጅ አይመለስ። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ በትንሽ በትንሽ ዕቃ ይከፋፈል ያልኩት፤ ዛሬ የሚበላውን ብቻ ያውጡ፣ የቀረው ሳይነካ ይቆይ።